አጎበሩን ያንሱት፦ ደብረ ብርሃን ስለገቡት የሎሚ ትሎች

ጥያቄው ከደብረ ብርሃን የመጣ ነው። የጠየቁት የሁለት ልጆች እናት ናቸው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፦

«ልጆቼ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሸዋ ሮቢት አያታቸው ጋ ሄደው ነበር። ሲመለሱ ከሎሚ ዛፍ ላይ የለቀሟቸውን ዘጠኝ አባጨጓሬዎች በሃይላንድ ይዘው መጡ። ቢራቢሮ ሲሆኑ እናያለን ብለው ነው። ካርቶን አዘጋጀሁላቸው። እናቴ የላከችልኝን አዲስ አጎበር ቆርጬም ከላይ ሸፈንኩት። በነጋታው ሦስቱ አረንጓዴ ነገር አስመልሰው፣ ተንቀጥቅጠው ሞቱ። ሁለቱ ትንንሾች ጎመን ብሰጣቸው እምቢ አሉ። አንዱ ካርቶኑ ጥግ ላይ ተጣብቆ ደረቀ፤ ልጥለው ስል ልጄ አልቅሳ አስቀረችኝ። ሦስቱ ትልልቆች የመጣውን የሎሚ ቅጠል እየጨረሱት ነው፤ እዚህ ደግሞ ሎሚ የለም። አንደኛው ሲነኩት ቀይ ቀንድ ያወጣና ይሸታል። የገደላቸው ብርዱ ነው? ሌላ ምን ይበላሉ? የደረቀውን ቀድጄ ልየው? ቀንዱ መርዝ አለው? እናቴ ደግሞ የቢራቢሮ ዱቄት ዓይን ያጠፋል ትላለች። ሐር ይሠራሉ ወይ ብለውም ልጆቹ ጠይቀውኛል። ቢራቢሮ ሲሆኑስ የት ልልቀቃቸው?»

አጎበሩን አሁኑኑ ያንሱት። የቀረውን በኋላ ያነቡታል።

ሦስቱን የገደላቸው ብርድ አይደለም፤ አጎበሩ ነው። ወባ ባለባቸው ቀበሌዎች የሚታደለው አጎበር ተራ መረብ አይደለም። ፒሬትሮይድ የሚባል ፀረ ነፍሳት መድኃኒት አለው፤ ብዙ ጊዜ ዴልታሜትሪን ወይም አልፋ ሳይፐርሜትሪን ነው። የሚሠራው 20 ጊዜ ታጥቦም፣ ሦስት ዓመት አገልግሎም ትንኝ እንዲገድል ተደርጎ ነው። የእርስዎ ደግሞ ገና አዲስ ነው። መድኃኒቱ ትንኝና የቢራቢሮ ትል አይለይም። ትሉ ወደ ላይ ወጥቶ መረቡ ላይ ሲሄድ በእግሩና በሆዱ ይነካዋል። ነርቩ ይታወካል፤ ይንቀጠቀጣል፤ የበላውን ያስመልሳል፤ ይሞታል። የጻፉልኝ ምልክት ቁልጭ ያለ የመድኃኒት ምልክት ነው። ማስመለሱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልደፍርም ነበር፤ ትል ሲነኩት ደንግጦም አረንጓዴ ይተፋልና። ማስመለስና መንቀጥቀጥ አንድ ላይ፣ ያውም አጎበሩ በተዘረጋ በአንድ ሌሊት ሲሆን ግን ሌላ የሚያጠራጥር ነገር የለም።

ብርዱ ጨርሶ እጁ የለበትም ማለቴ አይደለም። ፒሬትሮይድ ቅዝቃዜ ሲጨምር ነፍሳት ላይ ይበልጥ ይበረታል። ያ አጎበር ሸዋ ሮቢት ላይ ከሚጎዳቸው በላይ የደብረ ብርሃን ሌሊት ላይ ጎድቷቸዋል። ሰው ላይ የሚያሰጋ ነገር የለም፤ መጠኑ ትንሽ ነው፣ ሰውነታችንም ቶሎ ይሰባብረዋል። እና ሳይደብቁኝ ነግረውኛልና እኔም ልናገር፦ የወባ አጎበር አይቆረጥም። ቦታው አልጋ ላይ ነው፤ ያውም ሸዋ ሮቢት።

ካርቶኑንም ይጣሉት፤ መድኃኒቱ ነክቶታል። የተጣበቀው ያለበትን ጥግ ብቻ በመቀስ ዙሪያውን ቆርጠው ያስቀሩት፤ ምክንያቱን ወደ ታች እነግርዎታለሁ። እጅዎን በሳሙና ታጥበው ሌላ ንጹሕ ካርቶን ያዘጋጁ። ከላይ አሮጌ ነጠላ ይዘርጉበት። ስላቅ አይደለም፤ እኔ ከነጠላ የተሻለ መሸፈኛ አላገኘሁም። አየር ያሳልፋል፣ ትሉ ይቆናጠጠዋል፣ ከውስጥ ያለውም ይታያል። ሳሙናው በደንብ የለቀቀ ብቻ ይሁን። ዙሪያውን በላስቲክ ይሰሩት። ቤት ውስጥ ፍሊት ከተነፋ ግን ነጠላውም አያድናቸውም። ትሎቹ እስካሉ ድረስ ፍሊት የሚባል ነገር በቤቱ አይነፋ።

ሃይላንዱስ? ለመንገድ ይሁን፤ ለመኖሪያ አይሆንም። ዘጠኝ ትል በአንድ ፕላስቲክ ውስጥ ሲሆን ቅጠሉ ያልበዋል፣ ኩሱ ይረጥባል፣ ይሻግታል። አንዱ በበሽታ ከሞተ ሌሎቹም ይከተሉታል። በበሽታ የሞተ ትል ይጠቁራል፣ ይለሰልሳል፣ ሲነኩት ቆዳው ፈርጦ ፈሳሽ ይወጣዋል። እንዲህ ያለ ካዩ ከነቅጠሉ አውጥተው ይቅበሩት። ኩሱን በየቀኑ ጠዋት ያራግፉ፤ ከታች ወረቀት ካነጠፉ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

አሁን ስለ ምግቡ። ትልቁ ስሕተት «ትል ቅጠል ይበላል» የሚለው ነው። ትል ቅጠል አይበላም፤ *የራሱን* ቅጠል ነው የሚበላው። እርስዎ ቤት የገባው የሎሚ ቢራቢሮ ትል ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ ይባላል። ከሎሚ ዛፍ መገኘቱና ቀይ ቀንዱ ሁለቱ አንድ ላይ ይበቁኛል። ይህ ትል በሎሚና በዘመዶቹ ላይ የሚያድግ ነው። እናቲቱ እንቁላል ከመጣሏ በፊት ቅጠሉ ላይ አርፋ በፊት እግሮቿ ትደበድበዋለች። የምትቀምሰው በእግሯ ነው። «ይሄ ነው» ካለች አንዲት ክብ፣ ቢጫ፣ ከስናፍጭ ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ እንቁላል ጥላ ትሄዳለች። ትሉ የተፈጠረው ለዚያ ቅጠል ነው። ጎመን ፊቱ ቢከምሩለት ርቦት ይሞታል እንጂ አይነካውም። ሁለቱ ትንንሾች አልቀበጡም፤ ምግብ አላዩም።

መፍትሔው ግን ምናልባት ከበርዎ አጠገብ አለ። ጤና አዳም። ቡና ላይ ጣል የምናደርጋት ጤና አዳም ከሎሚ ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ናት። ቅጠሏን በጣት ጨፍልቀው ቢያሸቱት የሎሚ ልጣጭ ትዝ የሚልዎት በከንቱ አይደለም። የሎሚ ቢራቢሮ ትል ይበላታል። ደብረ ብርሃን ብርድ ላይም ሎሚ እምቢ ሲል ጤና አዳም ትበቅላለች። አንድ ማሰሮ ወይም ቆርቆሮ ላይ የተተከለች ጤና አዳም ካለችዎት ሳይቆርጧት ከነሕይወቷ ካርቶኑ ውስጥ ያስገቧትና ትሎቹን ላይዋ ያሳርፉ። ከሁሉም የሚሻለው ዘዴ ይህ ነው፤ ቅጠሉ አይጠወልግም፣ ውሃ ውስጥም አይሰጥሙም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ትንንሾቹ ቶሎ ይለምዷታል፤ ትልልቆቹ ግን ሎሚ ለምደው አድገዋልና ሊያኮርፉ ይችላሉ። ስለዚህ የቀረውን የሎሚ ቅጠል ለሦስቱ ትልልቆች ይቆጥቡ። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው በፌስታል አድርገው ፍሪጅ ውስጥ ቢያስቀምጡት ሳምንት ያህል ይቆያል። ካለቀም ከሸዋ ሮቢት ደብረ ብርሃን ከ100 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ እናትዎ አንድ ፌስታል ቅጠል በሚኒባስ ሾፌር ቢልኩ በዚያው ቀን ይደርሳል። ከራሳቸው ግቢ ይሁን እንጂ ከገበያ ወይም መድኃኒት ከሚረጭ እርሻ አይሁን። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ለልጆቹ ነው። የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ካገኘው እንደ ቃጠሎ ውሃ ያስቋጥራል። የሎሚ ጭማቂም እንዲሁ ነው። የደብረ ብርሃን ፀሐይ አየሩ ቢቀዘቅዝም ኃይለኛ ነው። ቅጠል ከነኩ በኋላ ይታጠቡ።

ቅጠሉን በውሃ ጠርሙስ የሚያቆሙ ከሆነ አፉን በጥጥ ይወትፉት። ትል ግንዱን ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል፤ ውሃው ውስጥ ገብቶ ለመስጠም ደግሞ ማን ብሎት። የውሃ ሳህን አያስፈልጋቸውም፤ የሚጠጡት ከቅጠሉ ነው።

ብርዱ የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው፤ ጊዜን ያስረዝማል። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,300 ሜትር ላይ ናት። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር። ልጆቹ ጣርማ በርን ሲሻገሩ ጃኬት ደርበዋል፤ ትሎቹ የሚደርቡት ነገር የላቸውም። የነፍሳት ሰውነት የሚሞቀው አካባቢው ሲሞቅ ነው። ሲቀዘቅዝ መብላቱም፣ ማደጉም፣ ቆዳ መቀየሩም ይዘገያል። ቆላ ላይ ከእንቁላል እስከ ቢራቢሮ አንድ ወር ተኩል ገደማ የሚፈጀው ነገር እርስዎ ጋ እጥፍ ቢሆን አይገርምም። ስለዚህ ቀን ቀን ብርሃን ያለበት ክፍል ውስጥ ይሁኑ፤ ቀጥታ ፀሐይ ላይ ግን አይደለም። የተዘጋ ካርቶን በኅዳር ፀሐይ ምድጃ ይሆናል። ሌሊት ከመስኮት አርቀው እናንተ የምትተኙበት ክፍል ያስገቧቸው። ከሰል አጠገብ አይሁን፤ ጭሱም ደረቁ ሙቀቱም አይስማማቸውም። ኅዳር 12 ቀን ደጅ ደጁን ሲታጠንም መስኮቱን ዘግተው ካርቶኑን ወደ ጓዳ ያስገቡት።

ቀንዱ መርዝ የለውም። ኦስሜቴሪየም ይባላል፤ ከጭንቅላቱ ጀርባ ቆዳው ሥር ተጣጥፎ የተቀመጠ ለስላሳ አካል ነው። ሲነኩት በውስጡ ፈሳሽ ይሞላና እንደ እባብ ምላስ ለሁለት ተሰንጥቆ ብቅ ይላል። ሽታው የኮመጠጠ ቅቤና የበሰበሰ ሎሚ ቅልቅል ነገር ነው። ጉንዳንና ትንንሽ ተርቦችን ለማባረር ነው። ጣት ላይ ቢነካም ሽታው ይቆያል እንጂ አያቃጥልም። ሁለቱ ትንንሾች ደግሞ ቡናማና ነጭ ሆነው የወፍ ኩስ የሚመስሉት ለዚሁ ነው። ወፍ የራሷን ኩስ አትበላም። አራት ጊዜ ቆዳ ቀይረው አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ነው እንደ ትልልቆቹ አረንጓዴ የሚለብሱት። ለውጡ በአንድ ሌሊት ነው፤ ልጆቹ «ማን ቀየረብን» ብለው እንዳይጣሉ ቀድመው ይንገሯቸው። ቆዳ ሊቀይር ሲል አንድ ቀን ያህል ሳይበላና ሳይንቀሳቀስ ይቆያል። ያን ጊዜ አይነካ፤ ተነቅሎ ከወደቀ አሮጌውን ቆዳ ማውለቅ ያቅተዋል።

አባጨጓሬ ብለው ስለጻፉልኝ ግን አንድ ነገር ልለይ። ሕዝባችን አባጨጓሬ ሲል በዋናነት የሚፈራው ጠጕራሙን ነው፤ ፍርሃቱም ልክ ነው። ጠጕሩ ቆዳ ውስጥ ተሰብሮ ያቃጥላል፣ ያሳብጣል፤ ዓይን ከገባ ደግሞ ዋዛ አይደለም። የሎሚው ትል ጠጕር የለውም። ለልጆቹ የሚሰጡት ሕግ አጭር ይሁን፦ ጠጕር ያለው አይነካም። ከነኩ ቦታውን ሳያሹ ፕላስተር ለጥፎ በመንቀል ጠጕሩን ማንሳት፣ ከዚያ በሳሙና መታጠብ። ዓይን ከነካ በብዙ ውሃ አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

ወደ ደረቀው እንምጣ። ልጅዎ ልክ ናት፤ አልሞተም። ትል ለመለወጥ ሲደርስ መጀመሪያ ሆዱ ይለቃል፤ ሁሌ ደረቅ የነበረው ኩስ ውሃ ውሃ ይላል። ብዙ ሰው ይሄኔ ታመመ ብሎ ይጥለዋል። ከዚያ ቅጠሉን ትቶ ይንከራተታል። የሚስማማውን ቦታ ሲያገኝ በአፉ የሐር ክር አውጥቶ ጭራውን ይሰካበታል። ሌላ ክር ደግሞ ወገቡ ላይ ያዞራል፤ ልክ መቀነት ነው። ጭንቅላቱን ወደ ላይ አድርጎ፣ በመቀነቱ ላይ ወደ ኋላ ደገፍ ብሎ ይንጠለጠላል። ይኮማተራል፣ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ተጨማዶ ያጥራል። እርስዎ ያዩት ይህን ነው። አንድ ሁለት ቀን፣ እርስዎ ጋ ምናልባት ከዚያ በላይ እንዲህ ከቆየ በኋላ ጀርባው ላይ ቆዳው ይሰነጠቃል። እየተወራጨ የትሉን ቆዳ እንደ ካልሲ ወደ ታች ያወልቀዋል። ከሥሩ የሚወጣው ትምህርት ቤት ፑፓ ያልነው ነው። እንደ ተጠጋው ነገር አረንጓዴ ወይም ቡናማ ይሆናል፤ ጭንቅላቱ በኩል ሁለት ትንንሽ ጫፎች አሉት። ይህን ማውለቅ በዓይኑ ያየ ልጅ አይረሳውም። ግን አምስት ደቂቃ አካባቢ ነው፤ አብዛኛው ሰው ያልፈዋል። እኔ ስንት ጊዜ ጠብቄ ሻይ ላፈላ ስነሣ አምልጦኛል።

ካርቶኑን ጥጉን ቆርጠው ያስቀሩ ያልኩት ለዚህ ነው። መቀነቱን ከነቀሉት አዲስ ክር አያወጣም። የቆረጡትን ጥግ ቁልቁል ሳይሆን እንደነበረው ወደ ላይ ቀጥ አድርገው አዲሱ ካርቶን ግድግዳ ላይ በክር ይሰሩት። ሌሎቹ እንዳይነኩት ራቅ ይበል። አጎበሩ እሱንም ነክቶት ከሆነ ቆዳውን ሳይጥል ሊሞት እንደሚችል አልደብቅዎትም። ቆዳውን ከጣለ ግን ዋናውን ተሻግሯል ማለት ነው። ፑፓ ሆኖ ከወደቀ ደግሞ ቀላል ነው፦ ወረቀት እንደ ኦቾሎኒ መጠቅለያ ሾጠጥ አድርገው ይጠቅልሉ፤ ጭራውን ወደ ታች አድርገው ቀስ ብለው ያስቀምጡት፤ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ይሰኩት።

አይቅደዱት። «ቀድጄ ልየው» ያሉትን ብዙ ሰው ያስበዋል፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ አድርጌዋለሁ። የሚያዩት አረንጓዴ ፈሳሽ ነው፤ ያ ፈሳሽም ተመልሶ ቢራቢሮ አይሆንም። ውስጡ ግን «ሁሉ ነገር ቀልጦ እንደገና ይሠራል» እንደሚባለውም አይደለም። የትሉ ጡንቻና አንጀት በብዛት ይፈርሳል፤ እውነት ነው። ክንፉና ረጅሙ እግሩ የሚያድጉት ግን ትሉ ከተፈለፈለ ጀምሮ ውስጡ ይዟቸው ከኖረ ጥቃቅን የሕዋስ ክምችቶች ነው። መተንፈሻ ቱቦዎቹና ነርቩ ከፊሉ ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ ጥናት አንድን ሽታ እንዲፈሩ የተለማመዱ ትሎች የእሳት ራት ከሆኑ በኋላም ያንኑ ሽታ ሲሸሹ አሳይቷል። ለውጡ ሁሉን ነገር አላጠፋውም ማለት ነው።

ስንት ጊዜ ይቆያል? ሙቀት ካለ ሁለት ሦስት ሳምንት። በደብረ ብርሃን ኅዳርና ታኅሣሥ ወር ከዚያ በእጅጉ ሊረዝም ይችላል። ይህ ቢራቢሮ በቅዝቃዜ ወራት ፑፓ ሆኖ ወራት የሚያርፍበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ከየካቲት በፊት የትኛውንም ፑፓ አይጣሉ። በየሁለት ሦስት ቀኑ በእጅዎ ጫፍ ጥቂት ውሃ ነጠላው ላይ ይርጩ፤ ጨርሶ እንዳይደርቅ ነው። ሕያውነቱን ለማወቅ ቀስ ብለው ሆዱን ቢነኩት ወገቡን ያወዛውዛል። ባዶ ቅርፊት ያህል ከቀለለ፣ ጠቁሮ ከሸተተ ግን አልቋል። ቀዳዳ ካለውና አጠገቡ ቡናማ፣ እንደ ስንዴ ቅንጣት ያለ ነገር ከወደቀ ዝንብ ቀድማችኋለች። ትሉ ገና ሎሚው ላይ ሳለ እንቁላሏን አስገብታበት ነበር። የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ከደጅ ተለቅመው የመጡ ትልልቅ ትሎች ላይ የተለመደ ነው፤ ልጆቹንም ለዚህ ያዘጋጇቸው። ከዘጠኙ ሁለት ሦስት ቢራቢሮ ካወጡ ጥሩ ሠርታችኋል።

ሐር ይሠራሉ ወይ ላሉት ልጆች፦ አይሠሩም። ይህ ትል ክር የሚያወጣው ለመቀነቱና ለመቆናጠጫው ያህል ነው። ሰውነቱን በሐር የሚጠቀልለው የሐር ትል ነው፤ እሱም ቢራቢሮ ሳይሆን የእሳት ራት ወገን ነው። አገራችን ውስጥ በጉሎ ቅጠል የሚያድግ ኤሪ የሚባል የሐር ትል ይረባል፤ መልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ሲሠራበት ቆይቷል። ሸዋ ሮቢት በኩል ጉሎ ሞልቷል፤ ልጆቹ ከወደዱት የሚቀጥለው ፕሮጀክት ያ ይሁን።

ቢራቢሮው ሲወጣ አይርዱት። ይህን በሰፊው የምናገረው ሁሉም ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ ነው። ሲወጣ ሆዱ ያበጠ፣ ክንፉ ደግሞ እንደ ረጠበ ወረቀት የተጨማደደ ነው። ያሳዝናል። ሆዱ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ወደ ክንፉ እየገፋ ነው የሚዘረጋው፤ ለዚህም ወደ ታች መንጠልጠል አለበት። ከቅርፊቱ በራሱ ኃይል ሲታገልም ጊዜ ይፈልጋል። አንድ ጊዜ ቅርፊቱን በምላጭ ከፍቼ «ገላገልኩት» ብዬ ነበር። ክንፉ ሳይዘረጋ ደረቀ። አራት ቀን ጠረጴዛዬ ላይ በእግሩ ሲሄድ ኖረ። እርስዎ የሚያደርጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቀድመው ከፑፓው አጠገብ ሸካራ እንጨት ወይም ጨርቅ ይኑር፣ የሚወጣበት። በዙሪያውም ቢያንስ አንድ ስንዝር ባዶ ቦታ ይተው፤ ክንፉ ተዘርግቶ ከዳር እስከ ዳር ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሆናል። ከሆዱ የሚንጠባጠበው ቀላ ያለ ፈሳሽ ደም አይደለም፤ ፑፓ ሆኖ ሳለ ያጠራቀመው ቆሻሻ ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ይተዉት። ቆላ ላይ በዚህ ጊዜ ይበራል፤ እርስዎ ጋ ጠዋቱ ከቀዘቀዘ እስከ እኩለ ቀን ሊቀመጥ ይችላል።

የእናትዎን ነገር ላንሣ። የቢራቢሮ ዱቄት ዓይን አያጠፋም። ዱቄት የሚመስለው የክንፉ ቅርፊት ነው፤ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደረደረ፣ ቀለሙም ያለው እሱ ላይ ነው። በዱቄታማ እጅ ዓይን ቢያሹ ይቆረቁራል፤ ይቀላል፤ በውሃ ያልፋል። አስም ያለበት ልጅ ካለ ካርቶኑን እሱ አይጥረግ። እናትዎ ግን በአንድ ነገር ልክ ናቸው፦ ክንፍ መያዝ አያስፈልግም። ዱቄቱ ቢራገፍ ቢራቢሮው ወዲያው አይሞትም፤ ተመልሶም አይበቅልለትም። ጣት ፊቱ ቢያቀርቡለት ራሱ ይወጣል።

መልቀቁ ላይ አቋሜ ጥብቅ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ላይ አይልቀቁት። ውርጭ በሚጥልበት ሌሊት ደጅ ያደረ የቆላ ቢራቢሮ ጠዋት ሣር ላይ ወድቆ ያገኙታል። ተወልዶ ያደገው ቆላ ነው፤ ወደ ቆላ ይመለስ። ልጆቹ አንድ ሁለቱ ሲወጡ ይዩ። ሌሎቹን ፑፓ ሆነው ሦስት አራት ቀን ከጠነከሩ በኋላ ከነተጣበቁበት ነገር ጥጥ ባለው ትንሽ ካርቶን አድርገው ለእናትዎ ይላኩ፤ ፑፓ ከትልም ከቢራቢሮም ይልቅ መንገድ ይችላል። ቤት የወጣውን ደግሞ ክንፉ በደረቀ በነጋታው፣ ክንፉን እንዳጠፈ ወረቀት ፖስታ ውስጥ አድርገው፣ ፖስታውን ካርቶን ውስጥ አድርገው ይላኩት። እናትዎ ሎሚው ሥር ይልቀቁት። ከመላኩ በፊት መመገብ ከፈለጉ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር በአሥር ማንኪያ ውሃ በጥብጠው ጥጥ ያርሱበት። እግሩን ጥጡ ላይ ያሳርፉ፤ ካልጠጣ የተጠቀለለውን ምላሱን በስቴኪኒ ጫፍ ቀስ ብለው ይዘርጉለት። የመጀመሪያውን ቀን እምቢ ቢል አይጨነቁ፤ ከፑፓው ይዞት የወጣው ስንቅ አለው።

ለሚቀጥለው ጊዜ ከቆላ አያስመጡ። ጎመን መደብ ካላችሁ ነጭ ቢራቢሮ ቅጠሉ ሥር እንቁላል ትጥላለች፤ ደጋውን የለመደች ናት። አንድ ቅጠል ከነእንቁላሉ ቆርጦ ማሳደግ ይበቃል፤ ያን ጊዜ ጎመን ይበሉልዎታል። የወጡትን ከጎረቤት ጎመን ራቅ አድርገው ይልቀቁ እንጂ ቅያሜው ለእርስዎ ነው። ቁጥሩም ከአራት አይብለጥ። ዘጠኝ ለአንድ ካርቶንም፣ ለአንዲት ጤና አዳምም ብዙ ነው፤ አንድ ትልቅ ትል በሁለት ቀን አንድ ቅርንጫፍ ይመለጥጣል፤ ለቡናዎም አይተርፍም።

አንድ የቀረ ነገር። ፑፓው ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው ቅርፊቱ ይሳሳል፤ በጎኑ በኩል ጥቁርና ቢጫ የክንፍ ንድፍ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያን ካዩ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው በማግስቱ ጠዋት ነው። ልጆቹን ከወትሮው ቀደም አድርገው ይቀስቅሷቸው።